ሁለቴ «ማነህ?»

ሌሊት ስድስት ሰዓት፤ ደብረ ብርሃን፣ ብርዱ
እንደ ዕዳ ጠያቂ ቆሟል ከመንገዱ።
ከሆስፒታሉ በር ጋሽ እርገጤ ቆሞ፣
ባትሪውን ዓይኔ ላይ፣ «ማነህ?» አለኝ ደግሞ።
ትናንትም ጠይቋል፤ ካቻምናም ጠይቋል፤
ስሜን ያውቀዋል፣ እናቴንም ያውቃል፣
ቢሆንም ይጠይቃል።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «‹እኔ› ስም አይደለም፤
‹እኔ ነኝ› የማይል ሌባ ባገር የለም።»

ገባሁ ማሽን ክፍል። ከዚህ ከተማ ሁሉ
ሞቅ ያለ እሱ ነው፤ ሰርቨሮች ያጓራሉ።
ጃኬቴን ሰቀልኩት ስዊቹ ካለበት፤
የብርድ ልብስ ፋብሪካው ያልሸመነው ሙቀት።

ስቶሬጁ ያለው ከማዶ ሕንጻ ነው፤
ኬብሉ በልብስ ማጠቢያው ጀርባ ዞሮ ይደርሰዋል።
ውስጡ የራጅ ምስል፣ የእናቶች ካርድ፣
የሕፃናት ክብደት በግራም፣
ከመርሐቤቴ፣ ከግሼ፣ ከመንዝ
በሌሊት ቃሬዛ የደረሰ ስም።

እስከ ትናንት ድረስ ኬብሉን የነካ
«ሰርቨሩ ነኝ» ካለ ይገባ ኖሯል ለካ፤
ያለ አንድ ማነህ ባይ፣ ያለ ምን ትሻለህ፣
እንደ ሠርግ ቤት ዳስ፣ ግባ ነው ደስ ካለህ።

ከኔ በፊት እዚህ ይፍቱሥራ ነበረች።
ሸዋ ሮቢት ተዛውራ ወደ ሙቀቱ ስትወርድ
በቢጫ ወረቀት አንድ መስመር ትታልኛለች፦
«ቃሉን በቃልህ ያዘው። ለኔም እንዳትነግረኝ።»

አስራ አምስት ፊደል ነው። እዚህ አልጽፈውም፤
ግጥም ወረቀት ነው፣ ወረቀት አይታመንም።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ስቶሬጁ ይነሣል፣
ለዛሬ የሚሆን አንድ ቁጥር ይጥላል።
ሰርቨሩ ቁጥሩን ከቃሉ ቀላቅሎ
ይፈጨዋል እዚያው፤
ዱቄቱን ይልካል በኬብል ጠቅልሎ።
ያም በራሱ ወፍጮ ያንኑ ይፈጫል፤
ዱቄት ከዱቄት ጋር በጣት ይዳሰሳል፤
ከተመሳሰለ በሩ ይከፈታል።
መንገድ ላይ አድፍጦ አንዱ ቢዘግነውም
ዱቄት ወደ እህሉ ተመልሶ አያውቅም።
ቃሉ ከቤት አልወጣም። የወጣው መልሱ ነው።

ሞከርኩ። «አላውቅህም» አለ።
ደገምኩ። «አላውቅህም።»
ሦስት ጊዜ ካደኝ፣ ዶሮ ገና ሳይጮኽ።
ሻዬ ቀዘቀዘ፣ አንገቴ ደረቀ፣
ኋላ ላይ አየኋት፦ በትልቋ ፈንታ ትንሿን ፊደል መትቻለሁ።
ለጆሮ ልዩነት የላቸውም፣
እንደ ሃሌታው ሀ፣ እንደ ሐመሩ ሐ፤
ጎረቤት ያነበው እንደሆነ ያልፈዋል፤
ማሽን ግን የድሮ የኔታ ነው፣ በኩርኩም ይመልሳል።

አስተካከልኩ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

ልወጣ ስል ደግሞ አንድ ሐሳብ ያዘኝ፦
ሰርቨሩስ ያንን በምን ያውቀዋል?
ሌላው የስቶሬጁን ስም ለብሶ ቢጠብቅ
የእናቶቹን ካርድ ለማን ያስረክባል?
ተቀብሎ የሚያስቀምጥም ይጠየቅ እንጂ!
ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሌላ ቃል አበጀሁ፤
የፊተኛው አይደገምም፣
አንድ ቁልፍ ለሁለት በር ሞኝነት ነው።

ስወጣ አስራ አንድ ሰዓት። ጉሙ ግቢውን ውጦታል።
ጋሽ እርገጤ ካፖርቱ ውስጥ የለም፣ ባትሪው ብቻ አለ።
«ማነህ?»
ስሜን ከነአባቴ አልኩት።
ከዚያ፣ ምን ነካኝ፣ እንቅልፍ ይሆናል፣
«አንተስ?» አልኩት። «አንተስ ማነህ?»

ባትሪው ወደ መሬት ወረደ።
አንድ ከባድ መኪና ወደ ጣርማ በር ማርሽ ሲቀይር ተሰማ።
«ሃያ ሁለት ዓመት» አለ፣ «በዚህ በር ስቆም
ይህን የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም።
እርገጤ ወንድሜ ነው። ሥራው ወጣለትና
ሳይጀምር ሞተ። በመታወቂያው ገባሁ።
መልካችን አንድ ነበር፣ ማን ሊለየን።
ደመወዝ ስፈርም እስከ ዛሬ በሱ እጅ ነው።
የኔማ ስም…»

አጎንብሶ በጆሮዬ ነገረኝ፣ ባጭሩ፣
አፉ የማያውቀውን ቃል እንደሚሞክር ሰው።
በሩን ከፈተልኝ። ብርዱ እዚያው ቆሟል።

እዚህ አልጽፈውም።
እርገጤ ያልኳችሁም ዱቄቱን ነው።